የጥንት ዓሣ ነባሪ ዕድሜ በአለት ንብርብር እንዴት ይታወቃል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም የምንመልሳቸው ሦስት ጥያቄዎች በሙሉ ከጅማ የደረሱን ናቸው። ሁለተኛውና ሦስተኛው ጥያቄ ከመጀመሪያው ጋር የተያያዙ ስለሆኑ አብዛኛውን ቦታ ለመጀመሪያው ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ በጅማ ከተማ የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ወደ ደብረ ማርቆስ ስጓዝ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናችን ለጥቂት ደቂቃ ቆሞ ነበርና፣ ከመንገዱ ዳር በተቆረጠው የኖራ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎሎችን አየሁ። ይህንን ለተማሪዎቼ ስነግራቸው አንዲት ተማሪ «በዚያ ቦታ ባሕር ከነበረ ዓሣ ነባሪም ይኖራል ማለት ነው?» ስትለኝ፣ ሌላው ደግሞ በግብፅ በረሃ ስለተገኙት የዓሣ ነባሪ ቅሪተ አካላት አንብቦ ኖሮ «37 ሚሊዮን ዓመት የሚለውን ቁጥር ከየት አመጡት?» ብሎ ጠየቀኝ። ለሁለቱም የሚሆን ማብራሪያ እንድትሰጡን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

መልስ፦ የተማሪዎ ጥያቄ መልሱ «አይኖርም» ነው፤ ይሁን እንጂ ጥያቄዋ የጉዳዩን ዋና ቁልፍ የሚነካ በመሆኑ ከእሱ እንነሣለን። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ የሚያወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል የሚሄድ ሲሆን፣ መንገደኛው በመኪናው መስኮት የሚያየው የአለት ቅደም ተከተል በአገራችን ለዓይን ግልጽ ሆነው ከሚታዩት አንዱ ነው። ከአናቱ ላይ ከእሳተ ገሞራ የፈሰሰው ጥቁር ባሳልት አለ፤ ከእሱ ሥር የአሸዋ ድንጋይ፣ ቀጥሎ እርስዎ ዛጎሎቹን ያዩበት ወፍራም የኖራ ድንጋይ፣ ዝቅ ሲል ጄሶና ሸክላማ ድንጋይ፣ ወደ ወንዙ ሲቀርቡ ደግሞ ሌላ የቆየ የአሸዋ ድንጋይ ይገኛል። ንብርብሮቹ በመሬት መንቀሳቀስ ካልተገለበጡ በስተቀር ከታች ያለው ምንጊዜም ከላይ ካለው ቀድሞ የተነጠፈ መሆኑን ዴንማርካዊው ኒኮላስ ስቴኖ እ.ኤ.አ. በ1669 ጽፎ አስቀምጧል። የቅሪተ አካል ዕድሜ ጥናት እስከ ዛሬ ድረስ የቆመው በዚህ ሕግ ላይ ነው።

ዛጎሎቹ ያሉበት የኖራ ድንጋይ የተነጠፈው ከዛሬ 150 እስከ 165 ሚሊዮን ዓመት ገደማ፣ የሥነ ምድር ባለሙያዎች ጁራሲክ በሚሉት ዘመን፣ ዳይኖሰሮች በየብስ ላይ በነበሩበት ጊዜ ነው። ዓሣ ነባሪዎች ግን በአራት እግራቸው በየብስ ይሄዱ ከነበሩ አጥቢ እንስሳት የመጡ ናቸው፤ እስካሁን ከታወቁት እጅግ ጥንታዊ ከሆኑት መካከል በፓኪስታን ተገኝቶ እ.ኤ.አ. በ1981 ስም የወጣለት ፓኪሴተስ ዕድሜው 50 ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። በሁለቱ መካከል 100 ሚሊዮን ዓመት የሚሆን ክፍተት አለ። ስለዚህ «እዚህ ቦታ ባሕር ነበረ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ብቻውን አይበቃም፤ «የትኛው ባሕር፣ በየትኛው ዘመን?» ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ ለዚህ የሚመልሰው ደግሞ ንብርብሩ ነው።

በጅማ ዙሪያስ? ከተማይቱንና አካባቢዋን የተሸከመው አለት በአብዛኛው የእሳተ ገሞራ ውጤት ነው፤ ቡናችን የሚበቅልበት ቀይ አፈርም ከዚሁ አለት መበስበስ የተገኘ ነው። ቀልጦ የሚፈስ አለት አጥንት አያስቀምጥም። በሁለት ፍሳሾች መካከል ረዘም ያለ ፋታ በነበረባቸው ጊዜያት ግን ሐይቆችና ረግረጎች እየተፈጠሩ ደለል አስቀምጠዋል፤ በጅማ ዞን የሚገኘው የደልቢና የሞዬ የድንጋይ ከሰል የዚህ ምስክር ነው። እንዲህ ያለው ደለል የዕፅዋት ቅሪት ሊሰጠን ይችላል፤ የጣፋጭ ውኃ ደለል በመሆኑ ዓሣ ነባሪ ግን አይጠበቅበትም። ዓሣ ነባሪዎች በውቅያኖስ መኖር ከጀመሩ በኋላ የተነጠፈ የባሕር ደለል በአገራችን የሚገኘው በሁለት ጠርዞች ነው፦ በምሥራቅ ኦጋዴን ባሉት የኢዮሲን ዘመን (ከዛሬ 56 እስከ 34 ሚሊዮን ዓመት ገደማ) የኖራ ድንጋዮችና፣ እጅግ ዘግይቶ ቀይ ባሕር ገብቶበት በነበረው በአፋር ዝቅተኛ ሜዳ። እኔ የምርምር በጀት የማከፋፈል ሥልጣን ቢኖረኝ የኦጋዴኑን ቀዳሚ አደርገው ነበር።

አሁን ወደ ሁለተኛው ተማሪ ጥያቄ እንለፍ። ከካይሮ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በፋዩም በረሃ፣ ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2005 በዓለም ቅርስነት የመዘገበው ዋዲ አል ሂታን የሚባል ሸለቆ አለ። በዚያ ባሲሎሳውረስ የተባለው ከ15 ሜትር በላይ የሚረዝም ዓሣ ነባሪና ከእሱ የሚያንሰው ዶሩዶን በብዛት ተኝተዋል። ተማሪው ሊያውቀው የሚገባው ነገር ቢኖር የእነዚህን እንስሳት ዕድሜ ለማወቅ ማንም አጥንታቸውን አለመለካቱን ነው። አጥንት በመሬት ውስጥ ሲቆይ ከከርሰ ምድር ውኃ ማዕድን እየወሰደና እየሰጠ በሚሊዮኖች ዓመታት ውስጥ ይለዋወጣል፤ እንስሳው የሞተበትን ጊዜ የሚናገር የታመነ ሰዓት በውስጡ አይቀርም። ስለዚህ ሰዓቱ የሚፈለገው አጥንቱን ከከበበው ደለል ነው።

በፋዩም ደለል ውስጥ ፎራሚኒፌራ የሚባሉ፣ አብዛኞቹ ያለ ማጉያ መነጽር የማይታዩ፣ ቅርፊት ያላቸው የባሕር ፍጡራን ቅሪት ሞልቷል። ከእነሱ መካከል ኑሙላይት የሚባሉት ሳንቲም የሚያካክሉ ስለሆኑ በዓይን ይታያሉ፤ የጊዛ ፒራሚዶች የተሠሩባቸውን ድንጋዮች ቀርቦ የተመለከተ ሰው ያገኛቸዋል። የእነዚህ ፍጡራን ዝርያዎች ቶሎ ቶሎ ይለወጡና በሰፊው ባሕር ሁሉ ይሰራጩ ስለነበር፣ አንድ ዓይነት ስብስብ በግብፅም በጣሊያንም በውቅያኖስ ወለልም ሲገኝ ንብርብሮቹ የአንድ ዘመን መሆናቸው ይታወቃል። ነገር ግን ይህ ቅደም ተከተልን እንጂ ቁጥርን አይሰጥም። ቁጥሩ የሚመጣው ያው የፎራሚኒፌራ ስብስብ በሌላ ቦታ ከእሳተ ገሞራ አመድ በላይ ወይም በታች ተጣብቆ ሲገኝ፣ እንዲሁም የምድር መግነጢሳዊ ሰሜንና ደቡብ በየዘመኑ የተቀያየረበት አሻራ በዚያው ደለል ውስጥ ተመዝግቦ ሲገኝ ነው። የዋዲ አል ሂታን 37 ሚሊዮን ዓመት በእንዲህ ያለ ረጅም ሰንሰለት የተገኘ ነው፤ ሰንሰለቱ መርዘሙ አያሳስብም፤ እያንዳንዱ ቀለበት በብዙ ቦታ ተደጋግሞ የተፈተነ ነውና።

አመዱ ራሱ እንዴት እንደሚለካ ጠጋ ብለን እንይ። ባለሙያው ከአመዱ ንብርብር ከፍ ያለ መጠን ወስዶ ያደቅቀዋል፣ ያጥበዋል፣ ያነጥረዋል፤ ከዚያ በማይክሮስኮፕ ሥር ተቀምጦ ጥርት ያሉትን የፌልድስፓር ክሪስታሎች አንድ በአንድ በመቆንጠጫ ይለቅማል። በእነዚህ ክሪስታሎች ውስጥ ፖታሲየም 40 አለ፤ ይህ ራዲዮአክቲቭ አቶም ግማሹ ለመለወጥ 1.25 ቢሊዮን ዓመት የሚፈጅበት ሲሆን፣ ከሚለወጠው ከፊሉ አርጎን 40 የሚባል ጋዝ ይሆናል። ፍሳሹ ቀልጦ ሳለ ጋዙ ያመልጣል፤ ክሪስታሉ ከቀዘቀዘ በኋላ ግን የሚፈጠረው ሁሉ ውስጡ ታስሮ ይቀራል። ናሙናው መጀመሪያ በኒውክሌር ማብላያ ውስጥ ለኒውትሮን ይጋለጣል፤ በኋላ እያንዳንዱ ክሪስታል በሌዘር ይቀልጥና የወጣው አርጎን ይለካል። የሉሲ ዕድሜ 3.18 ሚሊዮን ዓመት መሆኑ የታወቀው በዚህ ዘዴ፣ በሐዳር ከነበረው አመድ ነው፤ ከሉሲ አጥንት የተወሰደ ልኬት አይደለም።

ለጅማ አንባቢ ከሁሉ የቀረበው ዓሣ ነባሪ ግን የግብፁ አይደለም። የጊልገል ግቤ ውኃ ከግቤ ጋር ተቀላቅሎ፣ ኦሞ ተብሎ፣ መጨረሻው ቱርካና ሐይቅ ነው፤ ከዚያ ሐይቅ በስተ ደቡብ ምዕራብ፣ በኬንያ፣ ሎፔሮት በሚባል ደረቅ ስፍራ እ.ኤ.አ. በ1964 ጄምስ ሚድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ የአንድ ባለ ረጅም አፍ ዓሣ ነባሪ የራስ ቅል አገኘ። ስፍራው ከሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ 740 ኪሎ ሜትር ይርቃል፤ ከባሕር ወለል በላይም 620 ሜትር ከፍታ አለው። ቅሪቱ ለብዙ ዓመታት የት እንዳለ ሳይታወቅ ቆይቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ተገኘ፤ ጥናቱም በ2015 ታተመ። አጥንቱ የነበረው ከወንዝ በተነጠፈ ደለል ውስጥ ነው፤ ከደለሉ በላይ የፈሰሰው ባሳልት ተለክቶ 17 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ሆነ። እዚህ ላይ ተማሪዎችዎ ልብ እንዲሉት የምፈልገው ነገር አለ፦ ባሳልቱ ከላይ ስለሆነ ቁጥሩ የዓሣ ነባሪውን ትንሹን ዕድሜ ይነግረናል፤ እንስሳው ከዚያ ሊበልጥ ይችላል እንጂ ሊያንስ አይችልም። ከታችም የሚለካ አመድ ሲገኝ ዕድሜው ከሁለት ወገን ይታጠራል።

የሎፔሮቱ ግኝት በእኔ ግምት በአፍሪካ ከተገኙት የዓሣ ነባሪ ቅሪቶች ሁሉ የበለጠ ትምህርት የሚሰጥ ነው። ይህ እንስሳ መንገዱን ስቶ በወንዝ ሽቅብ ዋኝቶ እዚያ ሊደርስ የቻለው አገሩ ዝቅተኛ ሜዳ ስለነበረ ብቻ ነው፤ ዓሣ ነባሪ ፏፏቴ አይወጣም። ተመራማሪዎቹ በዚያን ጊዜ የቦታው ከፍታ ከባሕር ወለል በላይ ከ24 እስከ 37 ሜትር ብቻ እንደነበረ ገምተዋል። እንግዲህ የምሥራቅ አፍሪካ ደጋ በዚያ በኩል መነሣት የጀመረው ዓሣ ነባሪው ከሞተ በኋላ፣ ከ17 እስከ 13.5 ሚሊዮን ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ ነው ማለት ነው። አለቱ ለአጥንቱ ዕድሜ ሰጠው፤ አጥንቱ ደግሞ ምድሪቱ ከፍ ያለችበትን ዘመን ነገረን። የራስ ቅሉ ከየትኛው ንብርብር እንደወጣ በ1964 ተመዝግቦ ባይቀመጥ ኖሮ ከዚህ ሁሉ አንዱም ባልታወቀ ነበር።

ጥያቄ፦ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። አለቱ በቅሪተ አካሉ፣ ቅሪተ አካሉ ደግሞ በአለቱ ዕድሜ የሚሰጠው ከሆነ፣ ይህ ክብ ዙሪያ መዞር አይሆንም ወይ?

መልስ፦ ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቂ መልስም አለው። ክብ የሚሆነው ሁለቱ እርስ በርሳቸው ብቻ ቢደጋገፉ ነበር። የቅሪተ አካላት ቅደም ተከተል የተሠራው ግን ማንም በራዲዮአክቲቭ መለካት ከመቻሉ መቶ ዓመት ያህል አስቀድሞ ነው፤ እንግሊዛዊው ዊሊያም ስሚዝ የአገሩን ንብርብሮች በያዟቸው ቅሪቶች ለይቶ ካርታውን ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1815 ነበር። ዘግይቶ የመጣው የአቶም ልኬት ይህንን ቅደም ተከተል ሊያፈርሰው ይችል ነበር፤ አላፈረሰውም።

ሁለቱ ዘዴዎች አንዳቸው የሌላው ታዛዥ አለመሆናቸውን ለማየት ደግሞ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም፤ ታሪኩ እኛው ወንዝ መጨረሻ ላይ የሆነ ነው። ከቱርካና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ኬቢኤስ የሚባል የአመድ ንብርብር አለ። እ.ኤ.አ. በ1970 የታተመ ልኬት ዕድሜውን 2.6 ሚሊዮን ዓመት አደረገው፤ በ1972 ከዚያ ንብርብር ሥር የወጣው ዝነኛ የሰው ዘር የራስ ቅልም በዚህ ቁጥር የተነሣ ከተጠበቀው በላይ ጥንታዊ ሆኖ ታየ። በዚሁ ጊዜ በታችኛው ኦሞ ሸለቆ፣ በሹንጉራ፣ ብዙ የአመድ ንብርብሮች ያሉበትና እያንዳንዳቸው በጥንቃቄ የተለኩበት ወፍራም ደለል ይጠና ነበር። በዚያ ደለል ውስጥ የጥንት አሳማዎች መንጋጋ ጥርስ ከታች ወደ ላይ በወጣን ቁጥር እየረዘመ ይሄዳል። ባዝል ኩክ የተባለው ምሁር በኬቢኤስ አካባቢ የተገኙትን የአሳማ ጥርሶች ከኦሞዎቹ ጋር ሲያስተያይ የሚመሳሰሉት 2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆናቸው ጋር እንጂ ከ2.6ቱ ጋር አልነበረም።

ክርክሩ ዓመታት ፈጀ፤ አንዳንድ ጊዜም መረረ። በኋላ በተለያዩ ቤተ ሙከራዎች አመዱ እንደገና ሲለካ ዕድሜው 1.88 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ መሆኑ ተረጋገጠ። የመጀመሪያው ልኬት የተሳሳተው ከአመዱ ጋር ከሌላ የቆየ አለት የመጡ ቅንጣቶች ተቀላቅለው ስለነበር ነው፤ ክሪስታሎች ዛሬ አንድ በአንድ ተለቅመው የሚለኩበትም ምክንያት ይኸው ነው። ክብ ዙሪያ የሚዞር አሠራር ቢሆን ኖሮ የአሳማ ጥርስ የቤተ ሙከራ ቁጥርን ሊያርም አይችልም ነበር።

አንድ ነገር ልጨምር። ከእያንዳንዱ ፍንዳታ የሚወጣው አመድ የመስታወት ቅንጣቶቹ የራሳቸው ኬሚካላዊ መለያ አላቸው። በሐዳር ሲዲ ሃኮማ፣ በቱርካና ደግሞ ቱሉ ቦር የሚባሉት ንብርብሮች የአንድ ፍንዳታ አመድ መሆናቸው የታወቀው በዚህ መለያ ነው፤ ያው አመድ በኤደን ባሕረ ሰላጤ ወለል ካለው ደለል ውስጥም ተገኝቷል። ዕድሜው 3.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። በየብስ ያለ ንብርብርና በባሕር ያለ ንብርብር በአንድ ቀን አመድ ሲተሳሰሩ፣ የዓሣ ነባሪ አጥኚውም የሰው ዘር አጥኚውም አንድ የቀን መቁጠሪያ ይጋራሉ።

ጥያቄ፦ ቦዬ አጠገብ ለጡብ የሚሆን ጭቃ በማስቆፈር እተዳደራለሁ። ሠራተኞች አንዳንድ ጊዜ ትልልቅ አጥንት ያወጣሉ። ዕድሜውን በካርቦን ማወቅ ይቻላል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የዓሣ ነባሪውስ ለምን በእሱ አይለካም?

መልስ፦ የካርቦን 14 ግማሽ ዕድሜ 5,730 ዓመት ነው፤ ከ50,000 ዓመት በኋላ የሚቀረው መጠን ለልኬት የማይበቃ ኢምንት ይሆናል። ስለዚህ በሚሊዮን ለሚቆጠር ዓሣ ነባሪ ከቶ አያገለግልም። የቦዬ ረግረግ ግን ጉማሬ የሚታይበት ስፍራ ስለሆነ እርስዎ የሚያገኙት የጉማሬ ወይም የከብት አጥንት ሊሆን ይችላል፤ ያ ከሆነና የአጥንቱ ፕሮቲን ካልጠፋ በካርቦን መለካት ይቻላል።

ከልኬቱ በፊት ግን እርስዎ የሚሠሩት ሥራ ይበልጣል። አጥንቱ ብቅ ሲል ቁፋሮውን በዚያ በኩል አቁመው፣ ሳይነቀል ከነግድግዳው ፎቶ ያንሡት፤ በፎቶው ውስጥ ከላይ ያለው ጥቁር አፈርና ከታች ያለው ግራጫ ጭቃ አብረው ይታዩ፤ ከዚያ ለአካባቢዎ የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ያሳውቁ። ከጉድጓዱ ጠርዝ ተለይቶ መሬት ላይ የተገኘ አጥንት ከየትኛው ንብርብር እንደወደቀ ስለማይታወቅ ባለሙያዎች ግድግዳው ውስጥ እንዳለ ከተገኘው ይለዩታል፤ ጎርፍም የቆየ አጥንት ነቅሎ ከአዲስ ደለል ጋር ሊቀብረው ይችላል።

አጥንቱን አጥበው ለማሳመር አይቸኩሉ። እ.ኤ.አ. በ2011 ኤጂፕቶሴተስ ተብሎ ስም የወጣለት ዓሣ ነባሪ የተገኘው ከግብፅ ለጌጥ ድንጋይነት ወደ ጣሊያን የተላከ የኖራ ድንጋይ በመጋዝ ተሰንጥቆ ሳለ ነው። የራስ ቅሉ ከነድንጋዩ ተቆራርጦ ቢወጣም፣ ድንጋዩ ከአጥንቱ ሳይለይ ስለቀረና የመጣበት የድንጋይ ማውጫ ስለታወቀ የየትኛው ዘመን እንደሆነ ለመናገር ተችሏል። እርስዎም በአጥንቱ ላይ የተጣበቀውን ጭቃ እንዳለ ተዉትና፣ ከጎኑ አንድ ጭብጥ ጭቃ በተለየ ፌስታል ይያዙ፤ ቀኑን፣ የጉድጓዱን ስፍራና አጥንቱ ከመሬቱ ገጽ ስንት ሜትር ዝቅ ብሎ እንደተገኘ በወረቀት ጽፈው አብረው ያስቀምጡ።